ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ የወንዝን ውሃ ስለ መጠበቅ

ካሳራኒ የሚለውን ስም የአገራችን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው በናይሮቢ ባለው ታላቅ የስፖርት ሜዳ ምክንያት ነው። ለእርሻ ሰው ግን ካሳራኒ ሌላም ትምህርት ትሰጣለች። በሰሜን ምሥራቅ ናይሮቢ ያለው የካሳራኒ የምርጫ ክልል ምዊኪን፤ ንጂሩንና ሩዋይን ይጨምራል። በዚህ ክልል ሕዝብ የበዛበት ሰፈር፤ የድንጋይ ካባ፤ የጎመን እርሻና የከብት ማሰማሪያ ተጠጋግተው ይገኛሉ። ከናይሮቢ ከተማ የሚሰበሰበው ፍሳሽ አብዛኛው ክፍል የሚጣራባቸው የዳንዶራ ኩሬዎችም ያሉት በሩዋይ ነው፤ ከኩሬዎቹ የሚወጣው ውሃ ወደ ናይሮቢ ወንዝ ይገባል። ይህም ወንዝ ከአቲ ወንዝ ጋራ ተቀላቅሎ በመጨረሻ በማሊንዲ አጠገብ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይፈስሳል። እንግዲህ በካሳራኒ ወደ ወንዙ የገባ ነገር ሁሉ ከዚያ በታች ላለው ገበሬ የሚደርስ ነው።

ድንጋይ መፍለጥ፤ ፋብሪካ ማቆም፤ ፍሳሽ መልቀቅ በመንግሥት ፈቃድ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው። ብዙ ሰው ፈቃዱ ከተፈረመ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ይህ ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ከሥራው በፊት በጥናት ላይ የተጻፈው ግምት ነው፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ውሃውና መሬቱ ምን እንደ ሆኑ የሚታወቀው ግን በመለካት ብቻ ነው። ስለዚህ ፈቃድ የቁጥጥር መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም።

በኬንያ የተደረገው ሥርዐት

ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1999 የአካባቢ አስተዳደርና ማስተባበሪያ ሕግ አወጣች። በዚህ ሕግ የተቋቋመው ብሔራዊ ባለሥልጣን የተፈቀዱትን ሥራዎች ወዲያው የሚታየውንና ውሎ አድሮ የሚመጣውን ውጤት እንዲከታተል ታዘዘ። ተቆጣጣሪውም ወደ ሥራው ቦታ ገብቶ እንዲመረምር፤ ባለ ሥራውም መዝገብ ይዞ በየዓመቱ መግለጫ እንዲያቀርብ ተደነገገ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የውሃ ጥራት ደንብ ደግሞ ፍሳሽ የሚለቅ ሰው ፍሳሹን እየለካ መዝገቡን በየሦስት ወሩ እንዲያስረክብ አዘዘ።

ሕጉ መጀመሪያ ሲወጣ የክፍለ ሀገርና የአውራጃ ኮሚቴዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ሕገ መንግሥት ከጸደቀና የካውንቲ መስተዳድሮች ከተቋቋሙ በኋላ፤ በ2015 በተደረገው ማሻሻያ በእነዚህ ፈንታ የካውንቲ የአካባቢ ኮሚቴዎች ተተኩ። በኮሚቴው ውስጥ ከሹማምንቱ ጋራ የገበሬዎች ወይም የከብት አርቢዎችና የነጋዴዎች ተወካዮች እንዲቀመጡ ሕጉ ያዛል። ይህም የተደረገ በከንቱ አይደለም፤ የወንዙን መለወጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ከብቱን የሚያጠጣው ሰው ነውና።

ውሃ እንዴት ይመረመራል?

1ኛ፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የነበረው ሁኔታ ተለክቶ ሊጻፍ ይገባል። ይህ ካልተደረገ ኋላ ጉዳት ሲታይ ባለ ሥራው «ድሮም እንዲሁ ነበር» ቢል መልስ አይገኝለትም።

2ኛ፤ ውሃው የሚቀዳው ፍሳሹ ከሚገባበት ቦታ በላይና በታች ነው። ከበላዩ ንጹሕ ሆኖ ከበታቹ ከቆሸሸ ምክንያቱ በመካከል ያለው ነው። ከበላዩም የቆሸሸ ከሆነ ሌላ በደለኛ አለ። ከማይገባ ቦታ ቀድቶ መመርመር ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል።

3ኛ፤ የሚመረመረው እንደ ሥራው ዓይነት ነው። ከድንጋይ ካባ የሚወርደው ደለልና አቧራ፤ ከቄራ የሚወጣው ደምና ብስባሽ፤ ከቆዳ ፋብሪካ የሚፈሰው ክሮሚየም ነው። ብስባሽ የሚለካው ረቂቃን ሕዋሳት ውሃውን ለማጣራት በ5 ቀን ውስጥ በሚፈጁት ኦክሲጅን ነው። የ2006ቱ ደንብ ወደ ወንዝ ለሚለቀቅ ፍሳሽ የወሰነው በአንድ ሊትር ከ30 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ነው።

4ኛ፤ ምርመራው በበጋም በክረምትም መደረግ አለበት። በበጋ ወንዙ ሲያንስ ቆሻሻው ይወፍራል፤ በክረምት ይቀጥናል። የመጀመሪያው ዝናብ ደግሞ በየመንገዱ የተከማቸውን ሁሉ ጠርጎ ያመጣል። ስለዚህ የዘንድሮ ሐምሌ ከአምናው ሐምሌ ጋራ እንጂ ከሚያዝያ ጋራ አይነጻጸርም።

5ኛ፤ ከጥራቱ ጋራ መጠኑም ይለካል። ለምሳሌ አንድ ፋብሪካ በሰከንድ 10 ሊትር ፍሳሽ ቢለቅና በያንዳንዱ ሊትር 30 ሚሊግራም ቢገኝ፤ በቀን 26 ኪሎግራም ያህል ወደ ወንዙ ይገባል። በሰከንድ 20 ሊትር ቢለቅ ግን የሊትሩ ቁጥር ሳይለወጥ 52 ኪሎግራም ያህል ይሆናል። እንዲሁም ንጹሕ ውሃ ጨምሮ ፍሳሹን ያቀጠነ ሰው የሊትሩን ቁጥር ዝቅ ቢያደርግም ወንዙ የተሸከመው ቆሻሻ አልቀነሰም። የሊትሩን ቁጥር ብቻ የሚመለከት ተቆጣጣሪ በዚህ ይታለላል።

ከሁሉ በላይ፤ ባለ ሥራው ራሱን መዝኖ ባቀረበው መዝገብ ብቻ መርካት አይገባም። ተቆጣጣሪው ሳያስታውቅ ሄዶ የራሱን ናሙና ቢቀዳ፤ ሁለቱ ቁጥሮች ተስማምተው እንደ ሆነ ይታያል።

በአገራችንስ?

ይህ ጉዳይ የጎረቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ የአቃቂ ወንዝ የከተማውንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ በዳርቻው የሚበቅለውን ጎመንና ሰላጣም የከተማው ሰው ይመገበዋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የተፈቀደን ሥራ አፈጻጸም መከታተልን ለፌዴራሉ ባለሥልጣንና ለክልል የአካባቢ መሥሪያ ቤቶች አደራ ሰጠ። በዚያው ዓመት የወጣው የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቀደ። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ያላገኘ ወይም በውሳኔው ያልረካ ሰው ፍርድ ቤት መሄድ እንደሚችልም አመለከተ። የኬንያም ሕገ መንግሥት በ70ኛው አንቀጽ ተመሳሳይ መብት ሰጥቷል።

የገበሬው ድርሻ

መብቱ ያለ ማስረጃ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ገበሬው ውሃው ቀለሙ ወይም ሽታው ሲለወጥ ቀኑን፤ ሰዓቱንና ቦታውን ይጻፍ፤ መጻፍ ባይችል ልጁን ያጽፍ። ዓሣ ቢሞት፤ ከብት ውሃውን ቢጠላ ይህም ይመዝገብ። የሚያጠራጥር ውሃ በጥሬው ለሚበላ ቅጠል አይስማማም፤ ግድ ቢሆን እንኳ ውሃው በቅጠሉ ላይ ሳይሆን በቦዩ ይፍሰስ። ውሃን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ እርሳስንና ካድሚየምን አያጠፋም፤ በተክሉ ውስጥ የገባውንም ማዕድን እጥበት አያስወግደውም።

የሹሙም ድርሻ የምርመራውን ውጤት በሣጥን ሳይቆልፍ ለሕዝብ ማሳወቅ ነው። ፈቃዱ ሲሰጥ ማኅተሙን ያሳረፈ እጅ፤ ወንዙ ሲታመምም ፈቃዱን ለማገድ ወይም ለመሰረዝ ሊሰንፍ አይገባውም። ከላይ ያለው ሰው ፋብሪካውን ሲያቆም ፈቃድ ጠይቋል፤ ከታች ያለው ገበሬ ግን የሚጠጣውንና የሚያጠጣውን ውሃ ለመለወጥ ፈቃዱን የጠየቀው የለም። ስለ እርሱ ሆኖ የሚጠይቅለት ተቆጣጣሪው ነው።