«ባለሜዳ» ስለተባለ ብቻ አትነሣ

ወንድሜ፣ ቦርሳህን ለጊዜው ተወውና ስማኝ። እሑድ ጨዋታ አለ፤ አንተም ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ ላምበረት መናኸሪያ ለመገኘት አስበሃል። ሂድ፣ አልከለክልህም። ከላስታ ገነተ ማርያም ወጥቶ አዲስ አበባ የከተመ ልጅ የአገሩን ቡድን ለማየት 520 ኪሎ ሜትር አቋርጦ ወልድያ ቢወርድ «ሥራ ፈት» የሚሉትን አትስማቸው። ሰው ከአገሩ ሲርቅ የሚናፍቀው ብዙ ነው፤ አብዛኛውንም ብቻውን ይናፍቃል። ኳስ ግን ከሺህ ሰው ጋር አብረህ የምትናፍቀው ነገር ነው። እንግዲህ ስለ አካሄድህ ልምከርህ።

ከሁሉ በፊት ጨዋታው የት እንደሆነ አጣራ። ክለባችን «ባለሜዳ» ተብሎ ስለተጻፈ ሜዳው የኛ ነው ማለት አይደለም። የ2012 ፕሪሚየር ሊግ በኮሮና ምክንያት ተሰርዞ በ2013 ሲመለስ መልኩ ተለውጦ እንደመጣ ታስታውሳለህ። ጨዋታው በዲኤስቲቪ መታየት ጀመረ፤ ክለቦቹም በየከተማቸው መጫወታቸው ቀርቶ ሁሉም በአንድነት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ እየተሰበሰቡ መጫወት ያዙ። የዚያን ዓመት ዋንጫ ፋሲል ከነማ ወሰደ፤ በታሪኩ የመጀመሪያው ነው። ጎንደር ላይ ግን በዚያ ዓመት አንድም የሊግ ጨዋታ አልተደረገም። በዐፄ ፋሲለደስ ስታዲየም ስንት ዓመት በፀሐይና በዝናብ የቆመ ደጋፊ ቡድኑ ሻምፒዮን ሲሆን በቴሌቪዥን አየ። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ብሔራዊ ቡድናችንም ከዚህ አላመለጠም። የባሕር ዳር ስታዲየም የካፍን መስፈርት አያሟላም ከተባለ በኋላ ዋልያዎቹ በሰው አገር «ባለሜዳ» እየሆኑ ሲጫወቱ ከረሙ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉት እንደ ባለሜዳ ነው፤ ሜዳው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ግብ ሲያገቡ እኛ የጮኽነው በየቤታችንና በየካፌው ነው። ከፕሪሚየር ሊግ በታች ያሉት ውድድሮችም ቢሆኑ በተመረጠ ከተማ ተሰብስበው የሚካሄዱበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ሳትጠይቅ ብትነሣ አንተ ወልድያ መናኸሪያ ስትወርድ ክለቡ ለአዲስ አበባ ቅርብ የሆነው አዳማ ላይ እየተጫወተ ሊሆን ይችላል። የደጋፊ ማኅበሩን ሰው በስልክ ጠይቅ፤ ከተማውንም ሰዓቱንም ከአንድ ሰው በላይ አረጋግጥ።

ጨዋታው በእውነት ወልድያ ከሆነ ደስታህ ይገባኛል። ወልድያ በ2007 ወደ ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ በዚያው ዓመት ሲወርድ ያዘንነውን፣ በ2009 ሲመለስ የሆንነውን አልረሳውም። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ያሠሩትና በስማቸው የተጠራው፣ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው ስታዲየም ተመረቀ። እስከዚያ ድረስ ትልቅ ስታዲየም ማለት ለኛ አዲስ አበባ ነበር፤ ሰው ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል እንጂ ወደኛ የሚመጣ ጥቂት ነበር። ያን ዓመት ግን ጊዮርጊስም ቡናም ወደ ሰሜን ወሎ መምጣት ግድ ሆነባቸው። ለላስታ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2010 ቡድኑ እንደገና ወረደ፤ ፍቅራችን ግን አብሮ አልወረደም።

በዚያው በ2010 የሆነውን ግን ሳልነግርህ አላልፍም። ኅዳር 24 ወልድያ ከመቐለ ከተማ ጋር ሊጫወት በተያዘበት ዕለት በከተማው ግጭት ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ጨዋታውም ሳይካሄድ ቀረ። አንተ ከላሊበላ አጠገብ ያደግህ ልጅ ነህ። ለገና ከየአገሩ በባዶ እግሩ ተጉዞ የሚመጣውን ምዕመን የኛ ሰው ምን ብሎ እንደሚቀበለው አይተሃል፤ የማያውቀውን ሰው እግር አጥቦ፣ አብልቶ፣ መደብ ለቆ ያስተኛዋል። በተቃራኒ ማልያ የሚመጣውም ደጋፊ እንደዚያው መንገደኛ ነው። እሱም እንዳንተ ሌሊት ተነሥቷል፤ እሱም እናቱ «በሰላም ግባ» ብላ ሸኝታዋለች። ዙሪያህ ያለው ሰው ዘር ጠርቶ መሳደብ ሲጀምር አብረህ አትጩኽ፤ ወንበርህን ቀይር፤ ካልሆነም ውጣ። የከፈልከው ገንዘብ አያሳዝንህ። የሰው ልጅን በአገሩ የሚሰድብ ዜማ አንድ ጊዜ ከአፍህ ከወጣ ለክለቡ ዘመርኩ ማለት አትችልም።

መንገዱን በተመለከተ ደግሞ ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው። ከአዲስ አበባ ወልድያ በአንድ ቀን ልግባ ብለህ አትንገብገብ። ጣርማ በር ላይ ጉም ይጠብቅሃል፤ ሹፌሩ የፊቱን መኪና መብራት እንኳ የማያይበት ቀን አለ። ደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርድ ፍሬን የሚፈተንበት ቦታ ነው። ከሸዋ ሮቢት ጀምሮ ሙቀቱ ሹፌሩን ያንቀላፋዋል። ከሚሴን፣ ኮምቦልቻን አልፈህ ደሴ ስትደርስ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዘሃል፤ እዚያ እደር። የቀረው 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ በማግስቱ በማለዳ ተነሥተህ በሐይቅና በመርሳ አድርገህ ሳትደክም ትደርሳለህ። ከጓደኞችህ ጋር ሚኒባስ ኮንትራት ከያዛችሁ ደግሞ ሹፌሩም ሰው መሆኑን አትርሱ። እናንተ ዘጠና ደቂቃ ስትጮሁ እሱ መኪናው ውስጥ ተኝቶ ካልሆነ በዚያው ምሽት መልሰን አትበሉት። ከድል በኋላ በሌሊት የሚደረግ ጉዞ ነው እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ፤ የደስታ ስካር ሹፌሩንም ይይዘዋል።

ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልላችን ባለው ግጭት መንገዱ ዛሬ ክፍት ሆኖ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት በመስመሩ ላይ የሚሠሩ ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው ናቸው። ከመነሣትህ በፊት ጠይቃቸው፣ ደሴም ደርሰህ እንደገና ጠይቅ። «ይቅርብህ» ካሉህ ይቅርብህ። ጎመን በጤና። ጨዋታው ሌላ ቀን አለ፤ መታወቂያህን፣ ትንሽ ጥሬ ገንዘብና የቤተሰብ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ግን መቼም ቢሆን ከኪስህ አይጥፋ። ስልክ ይሞታል፣ ኔትወርክ ይጠፋል።

አሁን ወደ እናታችን ልምጣ። ወልድያ ድረስ ደርሰህ ገነተ ማርያም ሳትወጣ ከተመለስክ ከሰው ትሰማለች። አገሩ ጠባብ ነው፤ ለገበያ ወልድያ የወረደ ጎረቤት «ልጅሽን ስታዲየም በር ላይ አየሁት፣ ደህና ነው» ይላታል፣ ያስደሰታት መስሎት። እሷም «እግዜር ይመስገን» ብላ ዝም ትላለች፤ ያ ዝምታ ስንት ቀን እንደሚቆይ አንተም እኔም እናውቃለን። ለኳስ የተገኘ ዕረፍት ለእናት ጠፋ እንዳይባል ጨዋታውን ስትመርጥ ቀኑን አብረህ ምረጥ። ገና ወይም ጥምቀት የሚቀርብበትን፣ ሰኞውን ፈቃድ የምታገኝበትን ሳምንት ፈልግ። ከወልድያ ድልብን ወጥተህ በኩልመስክ ብትመጣ ያጥራል፤ መንገዱ አስቸጋሪ ነው ካሉህ በገሸና ዞረህ ላሊበላ ግባና ወደ ቤት ውረድ። ይረዝማል ብለህ አትሰልች። ከይኩኖ አምላክ ዘመን ጀምሮ እዚያው ቆማ የምትጠብቅህን ቤተ ክርስቲያን ስመህ፣ የእናትህን ቡና እስከ በረካው ጠጥተህ ብትመለስ ሥራህ ላይ አንድ ወር ሙሉ ሌላ ሰው ነህ። እኔ በራሴ አይቼዋለሁ። እናታችን ደግሞ ውጤቱን ባትጠይቅህም ማልያህን አጥባ ታሰጣልሃለች፤ ከዚያ ወዲያ የክለቡ ደጋፊ ናት።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። ደሞዝህ የት እንደሚሄድ ታውቃለህ። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ በደንብ ተዘጋጅተህ ብትሄድ፣ ሁሉንም ለማሳደድ ተበድረህ ከምትሄድ ይሻላል። ስንቅ ቋጥር፤ በሶና ቆሎ የመንገድ ዳር ምግብ ቤትን ወጪ ይቀንስልሃል።

ሩቅ ነው ስትል ደግሞ የሌሎቹን አስብ። በ2005 ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደርሳ ደቡብ አፍሪካ ስትሄድ፣ ጥር 13 ቀን ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር ስትጫወት ስታዲየሙን በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ የሞሉት በዚያ አገር የሚኖሩ ልጆቻችን ነበሩ። ከአገር ቤት በቻርተር የሄዱ አይደሉም። ብዙዎቹ ሱቃቸውን ዘግተው፣ የቀን ገቢያቸውን ትተው፣ ከጆሃንስበርግና ከሌላውም ከተማ በመንገድ የመጡ ናቸው። በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶ በአሥር ሰው ስንጫወት አዳነ ግርማ አቻ ሲያደርገን ዛምቢያ የአፍሪካ ሻምፒዮን መሆኗን ያ ሕዝብ አስረሳት። ዛሬም በሰሜን አሜሪካ ያሉት በ1984 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባቋቋሙት የስፖርት ፌዴሬሽን ጥላ ሥር በየዓመቱ ከየግዛቱ በአውሮፕላንም በመኪናም እየተጓዙ ይገናኛሉ። ከአገሩ የወጣ ሰው ሜዳ በሌለበት ሜዳ ይሠራል።

አንተ ጋ ግን ነገሩ የተለየ መልክ አለው፤ ልብ ብለህ ስማኝ። ድሮ ጨዋታው የሚያመልጠው ከአገሩ የወጣው ልጅ ነበር። አሁን ጨዋታው ራሱ ከአገር ወጥቶ ሲዞር የሚያመልጣቸው እዚያ የቀሩት ናቸው። ክለቡ አዳማ ወይም ሐዋሳ ላይ ሲጫወት አንተ ጥዋት ተነሥተህ ትደርሳለህ፤ አባታችን ግን ከገነተ ማርያም ተነሥቶ እንዴት ይደርሳል? ስለዚህ ቅርብ ያለውን ጨዋታ «የኛ ሜዳ አይደለም» ብለህ አትናቀው። ከወልድያው ይልቅ እሱ ነው አንተን የሚፈልገው። የአገሩ ሰው ሊመጣ በማይችልበት ሜዳ ላይ የአገሩ ድምፅ ያለው አንተና መሰሎችህ ጋ ነው። ባዶ ትሪቡን ፊት የሚጫወት ልጅ ስሙን በወሎ አነጋገር የሚጠራው ሰው ሲሰማ ቀና ይላል።

እና የስልክህን ባትሪ ለቪዲዮ አትጨርሰው። አባታችን ኳስን በጆሮው ያየ ሰው ነው። የ1980ውን የሴካፋ ዋንጫ፣ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ያሸነፍንበትን፣ ከጎረቤቱ ሬዲዮ አጠገብ ቁጭ ብሎ በደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነው የተከታተለው፤ ዛሬም ሲያወራው ሜዳው ውስጥ የነበረ ይመስላል። ለእሱ በቴሌግራም የላክኸው ቁራጭ ቪዲዮ አይከፈትለትም። የሚያስፈልገው የሚናገር ሰው ነው። በሐምሌ 2013 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ላስታ ገብቶ ስልኩ ሲቋረጥ ድምፃቸውን ሳንሰማ የከረምንባቸውን ወራት አንተም አትረሳቸውም። አሁን መስመሩ ካለ ተጠቀምበት። ከጨዋታው በፊት ደውልና አሰላለፉን ንገረው። በዕረፍት ሰዓት ደውል፤ ማን ደከመ፣ ማን ይውጣ ብሎ ይጠይቅሃል፤ ሐሳቡን ስማ፤ አሠልጣኙ ባይሰማውም አንተ ስማው።

ተሸንፋችሁም ቢሆን ደውል። በተለይ ተሸንፋችሁ ስልክ ዘግተህ እንዳትጠፋ። «ስንት ለስንት?» ሲልህ ቶሎ ንገረው፣ አታሰቃየው። ከዚያ ግቡን ከመነሻው ጀምረህ ተርክለት፤ ኳሷ ከየት ተነሣች፣ ማን አቀበለ፣ በረኛችን የት ቆሞ ነበር፣ ዳኛው ምን አለ። ይህን ሁሉ ሳትጨርስለት ስልኩን አይዘጋልህምና ካርድ ሞልተህ ሂድ።