ከአርባው ቀን በኋላ የእናትን ልብ ማን ይጠይቃል?



አንዲት እህት ስትወልድ ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይሞቃል፣ ጎረቤቱ «እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ» እያለ ይገባል። በሰባተኛው ቀን አቂቃው ይታረዳል። አርባው ሲሞላ ግን አራሷን ስታርስ የቆየችው እናት ወደ አገሯ ትመለሳለች፤ ጎረቤቱም ወደ ሥራው። ውሃውና እንጨቱ እንደ ድሮው ወደ ወላዷ ትከሻ ይመጣል። በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው ብዙ ጊዜ ሰው ከተበተነ በኋላ ጎልቶ የሚታየውን፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣውን የድባቴ (የድብርት) ሕመም ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ከስማዳ ገጠር የመጡ እናት ወደምሠራበት ፋርማሲ ገቡ። ምራታቸው ከወለደች ሦስት ወር ሊሆናት ነው። «ልጄ፣ ወተቷ ነጥፏልና የሚያወርድላት መድኃኒት ስጪኝ» አሉኝ። ስለ ምግቧና ስለ እንቅልፏ ስጠይቃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እህል አትቀምስም። ሌሊቱን ዓይኗን ሳትከድን ታነጋለች። ልጁ ሲያለቅስ ዝም ብላ ታየዋለች። በአርባው ጊዜ ደህና ነበረች፤ ሰው ሲበተን ነው እንዲህ የሆነችው። ሸይጣን ለክፏት ይሆን?» አሉኝ። እኚህ እናት ሳያውቁት የሕመሙን ዋና ዋና ምልክቶች ነገሩኝ።

ተራ ሆደ ባሻነትና ሕመም

ከወሊድ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ብዙ እናቶች ያለ ምክንያት ያለቅሳሉ፣ ቶሎ ይከፋቸዋል። ይህ ከሆርሞን ለውጥ፣ ከድካምና ከእንቅልፍ ማጣት ጋር የተያያዘ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ በእረፍትና በእንክብካቤ ይጠፋል።

ድባቴ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ይቆያል። እናቲቱ ቀኑን ሙሉ ትከፋለች፤ የምትወደው ነገር ደስ አይላትም፤ ልጁ ተኝቶም እርሷ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ «እኔ ለእናትነት አልበቃም» ትላለች። አንዳንዷ ደግሞ ስለ ልቧ ሳትናገር ራስ ምታት፣ የጨጓራ ሕመም ወይም የጡት ወተት ማነስ ብላ ትመጣለች። ሕመሙ በእርግዝና ወቅት ሊጀምር ይችላል፤ ከወሊድ በኋላም እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ሊታይ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በታዳጊ አገሮች ከወለዱ 100 እናቶች መካከል 20 የሚጠጉት፣ በተለይ በድባቴ፣ የአእምሮ ጤና ችግር እንደሚያጋጥማቸው ይገልጻል። በአገራችንም በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ከወለዱ ከ1 እስከ 12 ወር የሆናቸው ከ3,000 በላይ እናቶች ተጠይቀው፣ ከ100ው 12 ያህሉ የድባቴ ምልክት ተገኝቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ይህ ጥናት እንደሚያሳየው ከታመሙት ውስጥ ለአእምሮ ጤናቸው ሕክምና ያገኙት ከ100 አምስት እንኳ አይሞሉም። ሌሎቹ በቤታቸው ዝም ብለው ተቀምጠዋል ማለት ነው።

ድህነት፣ የባል ደግ አለመሆን፣ የልጅ ሞት፣ የከበደ ምጥ፣ አጋዥ ማጣት ሕመሙን ያባብሱታል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫና አካባቢው ድረስ በዘለቀ ጊዜ የደነገጡና የተፈናቀሉ የጋይንት እናቶች ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ድንጋጤ ያለፈባት እናት ስትወልድ ይበልጥ ልንጠነቀቅላት ይገባል።

የኢማን ማነስ ነውን?

ብዙ እህቶች ሕመማቸውን የሚደብቁት «ኢማኗ ደካማ ነው፣ የአላህን ስጦታ አማረረች» እንዳይባሉ ፈርተው ነው። በሱረቱ መርየም የተነገረንን እናስታውስ። መርየም (ዐ.ሰ.) ምጡ ወደ ተምር ግንድ ባስጠጋት ጊዜ ከዚያ በፊት ሞታ በነበረ ብላ ተመኝታለች። መርየም ታማ ነበር ማለታችን አይደለም፤ አላህ (ሱ.ወ.) ጭንቅ ላይ ላለች እናት ምን እንዳደረገላት እንድናስተውል ነው። በዚህ ንግግሯ አልተወቀሰችም። እንዳታዝን ተነገራት፤ ውሃ ቀረበላት፤ እሸት ተምር ወረደላት፤ እንድትበላ፣ እንድትጠጣና እንድትደሰት ታዘዘች፤ ከሰው ጋር ከመነጋገርም እንድታርፍ ተደረገ። ማጽናኛ ቃል፣ ምግብ፣ ውሃና እረፍት! ዛሬ ሐኪሞች ለወለደች እናት ከሚመክሩት ውስጥ እነዚህ ይገኛሉ።

ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) በሶላት ላይ ሆነው የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ፣ እናቱ እንዳትጨነቅ ሶላቱን ያሳጥሩ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የእናት ልብ መጨነቅ በመስጂድ ውስጥ እንኳ ቦታ ተሰጥቶታል።

ሌላም አለ። በኒፋስ ላይ ያለች ሴት ስለማትሰግድና ስለማትጾም ከአላህ የራቀች ይመስላታል። ይህ ከአላህ የተሰጣት ማቅለያ እንጂ መባረር አይደለም። ዚክርና ዱዓ አልተዘጋባትም።

የንግግር ሕክምና

ከድባቴ ለመዳን ዋናው መንገድ መነጋገር ነው። እዚህ ላይ የሙስሊም አገር የሆነችው የፓኪስታን ልምድ ይጠቅመናል። በራዋልፒንዲ ገጠር እንደ እኛ አገር ጤና ኤክስቴንሽን ያሉ ሴት የጤና ሠራተኞች አጭር ሥልጠና ወስደው ድባቴ ያለባቸውን እናቶች በየቤታቸው ጠየቁ። ጉብኝቱ ከእርግዝናው የመጨረሻ ወር ጀምሮ 16 ጊዜ ነበር። ሠራተኛዋ እናቲቱን የሚጎዳትን ሐሳብ ታስነግራታለች። ለምሳሌ «ልጄ የሚያለቅሰው እኔ መጥፎ እናት ስለሆንኩ ነው» ትል ይሆናል። ሐሳቡ እውነት መሆኑን አብረው ይመረምራሉ፤ «ሕፃን ሁሉ ያለቅሳል፤ አቅፌ ላባብለው» በሚል ይተኩታል፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው ጉብኝት የምትለማመደው ትንሽ ተግባር ይሰጣታል። ባልና አማትም እንዲያግዙ ይጋበዛሉ።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ውጤት እንዲህ ነው። ልጁ ስድስት ወር ሲሞላው በዚህ መንገድ ከተረዱት እናቶች ከ100ው 23ቱ ብቻ በድባቴ ሲቆዩ፣ ተራ ጉብኝት ካገኙት ግን 53ቱ አልዳኑም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ዘዴውን በመመሪያ መልክ አሳትሞታል። ከዚህ የምንረዳው እናትን ለማዳን የግድ ትልቅ ከተማና ትልቅ ሆስፒታል እንደማያስፈልግ ነው፤ የሠለጠነች፣ የምታዳምጥና ተመላልሳ የምትጠይቅ ሴት ብዙ ትሠራለች።

መድኃኒትን በተመለከተ

ሕመሙ ሲጠና ሐኪም መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። «መድኃኒት ከወሰድሽ ጡት አታጥቢም» የሚለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ለምሳሌ ሰርትራሊን ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው በጣም በጥቂቱ ነው። መድኃኒቱ ለውጥ ለማሳየት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል፤ ተሻለኝ ብሎ በድንገት ማቆምም ጉዳት አለው። አሚትሪፕቲሊን ከመጠን ካለፈ ለሞት ስለሚዳርግ ቤት ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ። ለእንቅልፍ ብሎ ዳያዜፓምን ከጎረቤት መዋስ ፈጽሞ አይገባም። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግር ድባቴ ስለሚመስሉ መመርመር ያስፈልጋል። ጫትም እንቅልፍን ይነሳል፤ ንጥረ ነገሩም ወደ ወተት ያልፋል።

በቤትና በመስጂድ ምን እናድርግ?

1. ባል ሆይ! ቢያንስ በሳምንት አንዴ ሁለት ነገር ጠይቃት፦ «ልብሽ ከፍቶት ነው የሰነበተው? ደስ የሚልሽ ነገር ጠፍቷል?» ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካለችና ሁለት ሳምንት ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዳት።
2. ሌሊት አንድ ጊዜ እንኳ ሳትቋረጥ አራትና አምስት ሰዓት እንድትተኛ ልጁን ያዙላት።
3. ምግቧ ከአርባው በኋላም አይቀንስ። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ሲገኝም ጉበትና ተምር ይቅረብላት። ሻይና ቡና ብረትን ስለሚያግዱ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ይዘግዩ።
4. ጎረቤቶች ሆይ! በ40 ቀን የሚጠናቀቀውን ጥየቃ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር ድገሙት። ልጁን ብቻ ሳይሆን እርሷንም «አንቺስ እንዴት ነሽ?» በሏት፤ ስትናገር «ሰብር አድርጊ» ብላችሁ አታቋርጧት።
5. ኢማሞቻችን በአቂቃና በጁሙዓ ይህን ያስታውሱ። ሩቅያ የሚያደርግም ሰው ሐኪም ቤት መሄድን አይከልክል፤ መድኃኒትን መፈለግ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት ነው።

ፈጽሞ ቀን የማይሰጠው

እናቲቱ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሌለ ድምፅ ከሰማች፣ ከተደናገረች፣ ለቀናት ካልተኛች፣ ወይም ራሷን ወይም ልጇን ስለመጉዳት ካሰበች፣ ይህ «ጂን ነው» ተብሎ የሚቆይ አይደለም። ከልጇ ጋር ለብቻዋ አትተው፤ የሰብል ፀረ-ተባይ ከቤት ይውጣ፤ በዚያው ቀን ወደ ቅርብ ሆስፒታል ትወሰድ። ከነፋስ መውጫም፣ ከወገዳም፣ ከመካነ ኢየሱስም ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል መላክ ይቻላል። እንዲህ ያለ ሐሳብ መጣብኝ ብላ የነገረቻችሁን እህት አትቆጧት። መናገሯ ለመዳን የመጀመሪያው ደጅ ነው።

እኚያ የስማዳ እናት ያን ቀን ወተት የሚያወርድ መድኃኒት ሳይዙ ተመለሱ። ይዘው የሄዱት ምክር ነበር፦ ልጁን ሌሊት እርስዎ ይያዙላት፣ ነገ ከባሏ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ከወራት በኋላ ምራታቸው ልጁን አዝላ ራሷ መጣች። «እናቴ አዳመጡኝ» አለችኝ። አማቷን ማለቷ ነበር።

አላህ (ሱ.ወ.) የወለዱ እናቶቻችንን ልብ ያረጋጋ፣ እኛንም የሚያዳምጡ ያድርገን። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።