መድኃኒቱ ቀልቤን ሰበሰበልኝ፤ ግን አቆምኩት

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 38 ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ሲሆን ቀን ኡበር እነዳለሁ፤ ማታ የሂሳብ አያያዝ እማራለሁ። ባለፈው ዓመት ልጄ ኤዲኤችዲ (የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር) አለበት ተባለ። ስለ እሱ የሚጠይቁኝን ስመልስ የራሴን የልጅነት ታሪክ የማወራ መሰለኝ። ተመረመርኩ፤ እኔም ላይ ተገኘ። አደራል የተባለ የአምፌታሚን መድኃኒት ታዘዘልኝ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ጫጫታ ጸጥ አለልኝ፤ ቁጭ ብዬ አንድ ምዕራፍ አንብቤ ጨረስኩ። ከዚያ ግን ምግብ አስጠላኝ፤ ልቤ ይመታል፤ ማታ ማታ ባለቤቴን ያለ ምክንያት እቆጣለሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ "ይሄ የእብድ መድኃኒት ነው፣ ሱስ ይሆንብሃል፣ ተወውና ጸበል ግባ" አለችኝ። በሦስተኛው ሳምንት አቆምኩት። ለሐኪሜ አልነገርኩም። ጥፋት ሠራሁ?»

መልስ፦ የአምዱ ሐኪም የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ናቸው። ይህን ደብዳቤ ከሌሎቹ አስቀድመው ያነሱት ጥያቄው በየሳምንቱ ስለሚቀርብላቸው ነው። ነርሶች፣ ሾፌሮች፣ የኮምፒውተር ባለሙያዎች፣ የማስተርስ ተማሪዎች የሚነግሯቸው ታሪክ ዝርዝሩ ይለያይ እንጂ አካሄዱ አንድ ነው። መድኃኒቱ ተጀመረ፤ ሠራ፤ አንድ ነገር አስቸገረ፤ ተቋረጠ፤ ያዘዘው ሐኪም ግን ምንም አልሰማም። ዶክተሩን ከልብ ምቱም ከምግቡም በላይ ያሳሰባቸው የደብዳቤው መጨረሻ ላይ ያለችው «ለሐኪሜ አልነገርኩም» የምትለው ናት።

ወንድማችን በመጀመሪያ ብቻውን አለመሆኑን ይወቅ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2023 በዚያች አገር ኤዲኤችዲ እንዳለባቸው የተነገራቸው አዋቂዎች 15.5 ሚሊዮን ነበሩ፤ ግማሽ ያህሉ ያወቁት 18 ዓመት ከሞላቸው በኋላ ነው። ችግሩ በዘር የመተላለፍ ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ በልጁ ምርመራ ራሱን ያገኘ ወላጅ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የምርመራ መመሪያ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየት እንደነበረባቸው ይደነግጋል። በ38 ዓመቱ ለታወቀለት ሰው እንግዲህ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አብሮት የኖረ ነገር ነው፤ ክፍል ውስጥ «ቀዥቃዣ»፣ ቤት ውስጥ «ዝንጉ»፣ ሰርተፍኬት ሲመጣ ደግሞ «ጭንቅላት አለው፣ ግን ሰነፍ ነው» ሲባል አድጓል።

ስለ መንስኤው ረጅም ትንታኔ አያስፈልግም። አንጎል ትኩረትን የሚመራባቸው ዶፓሚንና ኖርኤፒንፍሪን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ መድኃኒቶቹ የሚሠሩት በእነዚሁ ላይ ነው።

«የእብድ መድኃኒት» የሚለው ግን መልስ ይፈልጋል፤ መልሱም የመድኃኒቶቹ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ቻርልስ ብራድሊ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ሮድ አይላንድ ውስጥ በሚመሩት የሕፃናት ማዕከል ለ30 ልጆች ቤንዘድሪን የተባለ የአምፌታሚን መድኃኒት ሰጡ፤ ግማሽ ያህሉ በትምህርታቸው ላይ በግልጽ ተለወጡ። በ1944 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሊያንድሮ ፓኒዞን የተባለ የኬሚስትሪ ባለሙያ ሜቲልፌኒዴትን ሠራ። ባለቤቱ ማርጌሪት የደም ግፊቷ ዝቅ የሚል ነበርና ቴኒስ ከመጫወቷ በፊት ትወስደው ነበር፤ ሪታሊን የሚለው የመድኃኒቱ የንግድ ስም የወጣው ከእሷ የቁልምጫ ስም ነው። የዛሬውን ዘመን ምስክር ለሚፈልግ ደግሞ ጂምናስቲከኛዋ ሲሞን ባይልስ አለች። በ2016 የሕክምና መረጃዋ በኮምፒውተር ሰርሳሪዎች ሲሰረቅ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ኤዲኤችዲ እንዳለባትና መድኃኒት እንደምትወስድ፣ በዚህም የምታፍርበት ነገር እንደሌለ በአደባባይ ተናገረች። በዚያው ዓመት ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ አራት ወርቅ ወስዳለች። እናቶች ይህን ቢሰሙ ደግ ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ሳምንታት። ዶክተሩ እዚህ ላይ ትዕግሥታቸው ያልቃል፤ ምክንያቱም ወንድማችን የዘረዘራቸው ሦስቱም ችግሮች የታወቁ ናቸው፣ ለሦስቱም መላ አለ። ወጥ የሚያጣፍጥ ሰው ጨው በአንዴ እንደማያፈስ ሁሉ፣ ሐኪምም ከትንሽ መጠን ጀምሮ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ እያየ ያስተካክላል። የመጀመሪያው መጠን የመጨረሻው ነው ብሎ የሚያዝ ሐኪም የለም። ታካሚው ዝም ሲል ግን ሐኪሙ ሁሉም ደህና ነው ብሎ ያስባል።

የልብ ምቱን እንውሰድ። እነዚህ መድኃኒቶች የልብ ምትንና የደም ግፊትን በመጠኑ ከፍ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ከመጀመሩ በፊትም ከጀመሩ በኋላም ግፊት ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የስዊድን ጥናት መድኃኒቱን ለብዙ ዓመታት በወሰዱ ሰዎች ላይ በተለይ የደም ግፊት ሕመም በመጠኑ በርክቶ እንደታየ አመልክቷል። ይህ መለካትን የሚያስገድድ እንጂ ክኒኑን መጸዳጃ ቤት የሚያስደፋ ዜና አይደለም። ዶክተሩ ግን ከግፊቱ መለኪያ በፊት የሚጠይቁት ጥያቄ አላቸው፦ ስንት ስኒ ቡና ይጠጣሉ? ከእኛ ሰው የሚያገኙት መልስ ብዙ ጊዜ «ያው እንደተለመደው» ነው። እንደተለመደው ማለት ጠዋት አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በመኪና ውስጥ አንድ ትልቅ ኩባያ፤ ከትምህርት በፊት አንድ ሌላ ነው። ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው ሳያውቀው በቡና ራሱን ሲያክም ኖሮ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ አምፌታሚን ሲጨመር ልብ ቢመታ ምን ይገርማል? ቡናው ይቀነስ፤ ከቀትር በኋላ ይቅር፤ ከዚያ ልቡ እንደገና ይታይ።

ጫት ሌላ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ዶክተሩ ምንም ድርድር አያውቁም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በኬሚካል አሠራሩ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ማለት ልክ የሌለው አነቃቂ መውሰድ ነው፤ ግፊት ይንራል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ አንዳንዱ ጥርጣሬ ውስጥ ይገባል፣ ድምፅ ይሰማል። ካቲኖን አሜሪካ ውስጥ በጥብቅ የተከለከለ ስለሆነ ታካሚዎች ጫት መቃማቸውን ለሐኪማቸው ይደብቃሉ። ሐኪም ፖሊስ አይደለም። ይነገረው።

የምግብ ጉዳይ ቀላል ነው፤ መድኃኒቱ ከመዋጡ በፊት ጠንከር ያለ ቁርስ መብላት፣ ማታ ኃይሉ ሲያልቅ ደግሞ እራትን አለመዝለል። የሚከብደው ጾም ላይ ነው። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ምንም ሳይቀምስ የሚጾም ሰው ክኒኑን በባዶ ሆድ ይውጣል፤ ወይም ለ55 ቀን ጭራሽ ይተወዋል። ረመዳን የሚጾሙትም ተመሳሳይ ጥያቄ አላቸው። ጾሙንና መድኃኒቱን የሚያስማማ መንገድ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ሰዓቱን መለወጥ፣ ረጅም ጊዜ የሚሠራውን ዓይነት በሱሁር መውሰድ፣ መጠኑን ማስተካከል። ለዚህ ግን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ማማከር ያስፈልጋል። በሽተኛን ጾም ያስገደደ ካህን ዶክተሩ እስከ ዛሬ አልገጠማቸውም።

ማታ ማታ የሚመጣው ቁጣስ? ባለቤቱን አልጠላም፤ ጠባዩም አልተለወጠም። የመድኃኒቱ ኃይል ከሰውነት ሲወጣ ለአንድ ለሁለት ሰዓት ያህል ሰው ይበሳጫል፣ ይደክማል፣ ይከፋዋል። በዚህ ምክንያት ብቻ የሚያቆሙ ብዙ ናቸው፤ ሳያውቁት ትዳራቸውን የሚያውኩም አሉ። ቀስ ብሎ ወደሚለቀቅ ዓይነት መቀየር ወይም ሰዓቱን ማስተካከል አብዛኛውን ጊዜ ያቀለዋል። ባለቤቱም ይህን ትስማ፤ ከእሷ የተሰወረ ሕክምና የሚጠቅመው ነገር የለም።

ሱስ የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። አምፌታሚን ከታዘዘው በላይ የሚወስዱት፣ ፈጭተው በአፍንጫ የሚስቡት ሰዎች ሱሰኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ለዚህም ነው የአሜሪካ ሕግ ሪፊል የከለከለውና በየጊዜው አዲስ ማዘዣ የሚጠየቀው። እንደታዘዘ በአፍ የሚወሰድና በሐኪም የሚታይ መድኃኒት ግን ሌላ ታሪክ ነው። ዶክተሩን የሚያስቆጣቸው ሱስን ፈርቶ የራሱን መድኃኒት ያቆመ ሰው ያንኑ ክኒን ለፈተና ለሚያጠና የአክስቱ ልጅ ሲሰጥ ነው። ይህ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው፤ ተቀባዩ የልብ ችግር ይኑረው አይኑረው ማን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ2022 መገባደጃ የአደራል እጥረት ከተከሰተ ወዲህ በእጅ በእጅና በኢንተርኔት የሚገዛም ተገኝቷል። የአሜሪካ የአደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንዲህ በሚሸጡ አስመሳይ ክኒኖች ውስጥ ሜታምፌታሚንና ፈንታኒል እንደተገኘ አስጠንቅቋል። አንዱ ክኒን ሊገድል ይችላል።

ጸበሉን በተመለከተ ዶክተሩ የእናትየውን ፍቅር ያከብራሉ። ልጇ በባዕድ አገር የማታውቀውን ክኒን ሲውጥ የሰማች እናት ሌላ ምን ትበል? ግን ማንም ምርጫ ውስጥ መግባት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2007 በወቅቱ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በእንጦጦ ማርያም ጸበል የሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። ለዚያ ከባድ ሕመም የተፈቀደው ለዚህ የሚከለከልበት ምክንያት የለም። ጸበል ይግባ፤ መድኃኒቱንም ይያዝ።

ከአገር ቤት በፖስታ የሚላከው የቅጠልና የሥር ዱቄት? ምን እንዳለበት የማይታወቅ ነገር ከአነቃቂ መድኃኒት ጋር አይደባለቅም።

አነቃቂዎቹ ጨርሶ ካልተስማሙ ደግሞ ሌሎች አሉ። አቶሞክሴቲን እ.ኤ.አ. በ2002 የተፈቀደ፣ የአነቃቂዎቹ ወገን ያልሆነ መድኃኒት ነው። ጥቅሙ በሙላት የሚታየው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ሰዎች ግን በአሥረኛው ቀን «ውኃ ነው» ብለው ይተዉታል። እዚህ ላይ ኢትዮጵያውያንን በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። አቶሞክሴቲንን በጉበት ውስጥ የሚያፈርሰው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ነው። በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ የዚህን ኢንዛይም ዘረመል በተደራቢ እንደሚይዙ አሳይቷል፤ በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ይህ እጅግ ጥቂት ነው። ተደራቢው ያለው ሰው ሰውነት መድኃኒቱን ቶሎ ያስወግዳል፤ የተለመደው መጠንም ላይበቃው ይችላል። መድኃኒቱ ምንም አልተሰማኝም የሚል ኢትዮጵያዊ ይህን ለሐኪሙ ቢያነሳ፣ የዘረመል ምርመራ ይደረግልኝ ወይ ብሎ ቢጠይቅ፣ ነውር የለበትም። ሌሎቹን አነቃቂ ያልሆኑ መድኃኒቶች፣ ጓንፋሲንንና ክሎኒዲንን፣ የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ይያዙ፦ በድንገት ማቆም ግፊትን ያስፈነጥራል፤ ቀስ በቀስ ብቻ፣ በሐኪም።

ለሾፌር የሚነገር ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ስዊድን ውስጥ ኤዲኤችዲ ባለባቸው ከ17 ሺህ በላይ አዋቂዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሞ ነበር። መድኃኒት በወሰዱት ወንዶች ዘንድ ከባድ የትራፊክ አደጋ በ58 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ በሴቶቹ ላይ ግልጽ ልዩነት አልታየም። ቀኑን ሙሉ ከኋላ ወንበር ሰው አስቀምጦ የሚነዳ ሰው መድኃኒቱን ሲተው ውሳኔው የእሱ ብቻ አይደለም።

አገር ቤት ለሚሄዱ፦ ክኒኑ በራሱ የፋርማሲ ጠርሙስ ውስጥ ይሁን፣ የሐኪም ደብዳቤ ይያዝ። በዱባይ ወይም በሳዑዲ በኩል የሚያልፉ ደግሞ ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት የዚያን አገር ሕግ ይጠይቁ፤ ቁጥጥር የሚደረግበትን መድኃኒት ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ይዞ መግባት ለእስር ይዳርጋል።

የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ መስማት፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል። በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በልብ ምክንያት በድንገት የሞተ ሰው ካለ ደግሞ ይህ ከመጀመሪያው ክኒን በፊት መነገር ነበረበት፤ ካልተነገረ ዛሬ ይነገር።

ወንድማችን እንግዲህ ነገ ጠዋት ክሊኒኩ ጋ ይደውል። የቀሩትን ክኒኖች በራሱ ውሳኔ እንደገና አይጀምር። ያቆመበትን ቀን፣ ልቡ የሚመታበትን ሰዓት፣ በቀን የሚጠጣውን ቡና፣ ቁጣው የሚመጣበትን ሰዓት በወረቀት ጽፎ ይሂድ፤ የሚችል ከሆነ ባለቤቱን ይዟት ይግባ። ሐኪሙ ይቆጣኛል ብሎ አይፍራ። ታካሚ መድኃኒት ማቆሙ ለሐኪም አዲስ ነገር አይደለም፤ ከጊዜው ዘግይቶ መስማቱ ነው የሚያስቸግረው።

ደብዳቤው ያልተናገረው አንድ ጉዳይ ቀርቷል፤ ልጁ። ልጁም መድኃኒት ይወስድ ከነበረ፣ አባት ክኒኑን ሲያቆም የልጁንም አብሮ ያስቆመ እንደሆነ፣ ወይም አያቱ በስልክ የተናገሩትን ልጁ ሰምቶ መዋጥ አልፈልግም ብሎ እንደሆነ ዶክተሩ ማወቅ ይፈልጋሉ። የልጅ መድኃኒት የሚስተካከለው በራሱ ክብደት፣ ቁመት፣ እንቅልፍና የትምህርት ቤት ውሎ ተመዝኖ ነው፤ የአባቱ ልብ ስለመታ የእሱ አይቋረጥም። ተቋርጦ ከሆነ በዚሁ ሳምንት ለሕፃናት ሐኪሙ ይደወል።