ሙስሊሞች በዓለም ላይ የት የት ይኖራሉ?

በዓለም ላይ ካሉት አገሮች ሁሉ ብዙ ሙስሊም የሚኖርባት አገር ማን ናት ተብለን ብንጠየቅ፣ አብዛኞቻችን ሳናመነታ «ሳዑዲ ዐረቢያ» ወይም «ግብፅ» እንል ይሆናል። መካ የምትገኘው በሳዑዲ ነው፤ ቁርኣንም የሚነበበው በዐረብኛ ነው፤ ስለዚህ ግምቱ የሚያስገርም አይደለም። ትክክለኛው መልስ ግን ኢንዶኔዥያ ነው። የኢንዶኔዥያ ትልቋ ከተማ ጃካርታ ከመካ 8,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የሕዝቡም ቋንቋ ዐረብኛ አይደለም።

ነገሩ የጂኦግራፊ ጥያቄ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ከዚህ የተሳሳተ ግምት ሁለት ጉዳቶች ይወለዳሉ። አንደኛው «ሙስሊም ማለት ዐረብ ማለት ነው» የሚለው አባባል ነው፤ ይህ አባባል የወሎውን፣ የባሌውንና የሐረሩን ሰው በተወለደበት ቀዬ እንግዳ ያደርገዋል። ሁለተኛው ቁጥር እየጠሩ መፍራትና ማስፈራራት ነው። ሁለቱንም የሚያርቃቸው ዕውቀት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሙስሊሞች የት እንደሚኖሩ፣ ሃይማኖቱ ወደዚያ እንዴት እንደደረሰ፣ ቁጥራቸው እንዴት እንደሚታወቅና ለምን እንደሚጨምር በየተራ እንመለከታለን። «ዓ.ም.» ተብሎ ከተጻፈው በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ጠቅላላ ቁጥሩና ክፍፍሉ

ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማእከል በ2025 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በ2020 በዓለም ላይ 2 ቢሊዮን ያህል ሙስሊሞች ነበሩ። ይህም ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 26 እጅ ገደማ ነው፤ ከአራት ሰው አንዱ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ክርስቲያኖች 2.3 ቢሊዮን ወይም ከመቶ 29 እጅ ገደማ ነበሩ።

ይህ ሕዝብ በክፍላተ ዓለም ሲደለደል 1.2 ቢሊዮን ያህሉ የሚኖረው በእስያና በፓስፊክ አካባቢ ነው፤ በዚህ አከፋፈል ቱርክና ኢራንም ከእስያ ጋር ይቆጠራሉ። ወደ 400 ሚሊዮን የሚሆነው በመካከለኛው ምሥራቅና በሰሜን አፍሪካ፣ ከ350 ሚሊዮን የሚበልጠው ደግሞ ከሰሃራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ ይኖራል። በአውሮፓና በአሜሪካ ክፍላተ ዓለም ያሉት ከጠቅላላው ጥቂቱ እጅ ብቻ ናቸው። በእምነት ክፍላቸው ስንመለከታቸው አብዛኞቹ ሱኒዎች ሲሆኑ፣ ሺዓዎች ከመቶ 10 እስከ 13 እጅ እንደሚሆኑ ይገመታል። ሺዓዎች የሚበዙባቸው አገሮች ኢራን፣ ኢራቅ፣ አዘርባጃንና ባሕሬን ናቸው።

2. አራቱ ታላላቅ አገሮች

እስቲ አራት አገሮችን ብቻ እንውሰድ። በኢንዶኔዥያ በ2010 በተደረገው ቆጠራ 207 ሚሊዮን ሙስሊሞች ተቆጥረዋል፤ ይህም ከአገሩ ሕዝብ ከመቶ 87 እጅ ነው። ዛሬ ወደ 240 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ይገመታል። በፓኪስታን የ2023 ቆጠራ ከ241 ሚሊዮን ሕዝብ ከመቶ 96ቱ ሙስሊም ሆኖ ተገኝቷል። በባንግላዴሽ የ2022 ቆጠራ ደግሞ ከሕዝቡ ከመቶ 91ዱ ሙስሊም ነው፤ ይህም ከ150 ሚሊዮን ያላነሰ ሰው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የሕንድ ነገር ነው። ሕንድን የሂንዱዎች አገር ብለን እናውቃታለን፤ እውነትም ናት። በ2011 ቆጠራ ሙስሊሞች ከሕዝቡ ከመቶ 14 እጅ ብቻ ነበሩ። ነገር ግን የሕንድ 14 እጅ ማለት 172 ሚሊዮን ሰው ነው፤ በግብፅ፣ በኢራቅና በሳዑዲ ዐረቢያ ያለው ሕዝብ በዚያን ጊዜ አንድ ላይ ቢደመር ይህን አያህልም ነበር። እንግዲህ በአንድ አገር «ጥቂቶች» የሚባሉት በሌላ መስፈሪያ ሲለኩ እጅግ ብዙ ሊሆኑ እንደሚችሉ ከዚህ እንረዳለን። የአራቱ አገሮች ሙስሊሞች ቢደመሩ ከዓለም ሙስሊሞች አርባ በመቶ ያህሉን ይይዛሉ፤ ከአራቱ አንዱም የዐረብ አገር አይደለም።

3. ዐረብና ሙስሊም አንድ አይደሉም

ከዓለም ሙስሊሞች ዐረቦች የሚሆኑት ከአምስት አንዱ ገደማ ናቸው። ኢራናውያን ፋርስኛና ሌሎች ቋንቋዎች ይናገራሉ፤ ቱርኮች ቱርክኛ፣ የባንግላዴሽ ሰዎች ቤንጋልኛ፣ በሰሜን ናይጄሪያ ያሉት ብዙዎቹ ሃውሳ ይናገራሉ።

በአንጻሩ ደግሞ ዐረብኛ የሚናገር ሁሉ ሙስሊም አይደለም። የግብፅ ኮፕቶች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ክርስቲያኖች ናቸው፤ በሊባኖስ፣ በሶርያና በዮርዳኖስም ከጥንት ጀምሮ የኖሩ ዐረብኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች አሉ። በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ በኳታርና በተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች ከነዋሪው የሚበዛው የውጭ አገር ሠራተኛ ነው፤ ከእነዚህም መካከል ሂንዱዎችና ክርስቲያኖች ብዙዎች ናቸው፤ የእኛም አገር ልጆች አሉበት።

4. ሃይማኖቱ በምን መንገድ ተሠራጨ?

ይህን የአሰፋፈር ካርታ የሠራው ኃይል ምንድር ነው? ብዙ ሰው «ሰይፍ ነው» ይላል። በእርግጥ የጦር ኃይል ድርሻ ነበረው። ግብፅ ከ639 እስከ 642 ባለው ጊዜ በዐረቦች እጅ ገብታለች፤ በ711 የሙስሊም ሠራዊት ወደ ስፔን ተሻግሯል። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ጦር መንግሥትን እንጂ ሕዝብን ባንድ ጊዜ አይለውጥም። በግብፅ ከድሉ በኋላ ሕዝቡ በብዛት ሙስሊም እስኪሆን ድረስ ምዕተ ዓመታት አልፈዋል። በስፔን ደግሞ የሙስሊሞች አገዛዝ እየጠበበ ሄዶ በ1492 ግራናዳ ስትወድቅ አበቃ፤ ከ1609 እስከ 1614 ባለው ጊዜ የሙስሊሞቹ ዘሮች ከአገር ተባረሩ። ሰባት መቶ ሰማንያ ዓመት የገዙበት አገር ሳይቀርላቸው፣ የዐረብ ጦር ያልረገጠው ኢንዶኔዥያ የብዙዎች መኖሪያ ሆነ። ስለዚህ ሌሎችን መንገዶች መፈለግ ያስፈልጋል።

ሀ. የባሕር ንግድ። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ነፋሱ በዓመት ሁለት ጊዜ አቅጣጫውን ይለውጣል። የዐረብ፣ የፋርስና የሕንድ ነጋድያን በአንደኛው ነፋስ ሄደው ሌላው እስኪመጣ በወደቦቹ ይከርሙ ነበር። በዚያም ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፣ መስጊድ ይሠራሉ። ማርኮ ፖሎ በ1292 በሱማትራ ደሴት ሲያልፍ ከወደቦቹ በአንዱ የከተማው ሰዎች ሙስሊሞች ሆነው አግኝቷል። በዚያው ደሴት የሱልጣን ማሊክ አልሳሊሕ የመቃብር ድንጋይ 1297ን የሚያመለክት ዓመት ተቀርጾበት ይገኛል። በ15ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ማላካ የተባለችው የንግድ ከተማ ሃይማኖቱ ወደ ሌሎቹ ደሴቶች የሚደርስባት በር ሆነች። የምሥራቅ አፍሪካ ወደቦች፣ ሞቃዲሾና ኪልዋም በዚሁ ንግድ የሙስሊም ከተሞች የሆኑ ናቸው።

ለ. የበረሃ ንግድ። በምዕራብ አፍሪካ ጨውና ወርቅ የጫኑ የግመል ቅፍለቶች ሰሃራን ሲያቋርጡ ከእቃው ጋር መምህራንና መጻሕፍትም ይመጡ ነበር። የማሊው ንጉሥ ማንሳ ሙሳ በ1324 በካይሮ በኩል ወደ መካ ሲጓዝ ይዞት በሄደው ወርቅ ብዛት ስሙ እስከ አውሮፓ ተሰምቷል።

ሐ. እርሻ። በሕንድ ክፍለ አህጉር የሙስሊም ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው ደልሂ ናት። ሃይማኖቱ በሰይፍ ብቻ የተስፋፋ ቢሆን ኖሮ ሙስሊሞች የሚበዙት በደልሂ ዙሪያ በሆነ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ የበዙት ከደልሂ ርቀው በሚገኙት በምሥራቅ ቤንጋልና በምዕራብ ፑንጃብ ነው። በምሥራቅ ቤንጋል በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት ጫካው እየተመነጠረ ሩዝ ሲዘራበት፣ የምንጠራውን ሥራ ከመሩት መካከል ሙስሊም መምህራን ይገኙ ነበር። አዲስ መንደር ሲቆረቆር መስጊዱ አብሮ ይተከላል፤ ሕዝቡም ቀስ በቀስ በዚያ ዙሪያ ተሰበሰበ። የዛሬዪቱ ባንግላዴሽ ሥር ይህ ነው።

መ. ግዞት፣ ኮንትራትና የሥራ ፍለጋ። ሆላንዶች ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች ያጋዟቸው ሰዎች እስልምናን ወደ ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ወሰዱ፤ ከእነርሱም ዝነኛው ሼክ ዩሱፍ በ1694 ወደዚያ ተግዘዋል። በደቡብ አሜሪካ በምትገኘው ሱሪናም የባሪያ ሥርዓት ከቀረ በኋላ ከ1873 ጀምሮ ሕንዶች፣ ከ1890 ጀምሮ ደግሞ የጃቫ ሰዎች ለእርሻ ሥራ በኮንትራት ተወስደዋል፤ በዚህም ምክንያት በ2012 ቆጠራ ከሱሪናም ሕዝብ ከመቶ 14 እጅ ያህሉ ሙስሊም ሆኗል። በአውሮፓም እንዲሁ ነው። ምዕራብ ጀርመን ለፋብሪካዎቿ ሠራተኛ ባጣች ጊዜ በ1961 ከቱርክ ጋር ውል ተዋዋለች። በእንግሊዝና በዌልስ ሙስሊሞች በ2001 ቆጠራ ከመቶ 3 እጅ፣ በ2021 ከመቶ 6.5 እጅ ነበሩ።

5. አገራችን በዚህ ካርታ ላይ

የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ በመካ መከራ የጸናባቸው የነቢዩ ተከታዮች በ615 አካባቢ ባሕር ተሻግረው በአክሱም ንጉሥ ዘንድ ተጠልለዋል። ይህ የሆነው የእስልምና ዘመን መቁጠሪያ ከተጀመረበት ከ622 በፊት ነው። ስለዚህ ሃይማኖቱ ኢንዶኔዥያንና ሕንድን ሳያውቅ እኛን ያውቀን ነበር ማለት ነው።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ73.7 ሚሊዮን ሕዝብ ኦርቶዶክሳውያን ከመቶ 43.5 እጅ፣ ሙስሊሞች ከመቶ 33.9 እጅ ሆነው ተገኝተዋል። ይህም 25 ሚሊዮን ሙስሊም ማለት ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ ከዚያ 15 ዓመት ዘግይቶ በ2022 በተደረገው ቆጠራ የአገሩ ዜጎች 19 ሚሊዮን አይሞሉም ነበር። አሰፋፈሩንም ብናይ፣ በሶማሌና በአፋር ክልሎች ከመቶ ከ95 እጅ በላይ፣ በኦሮሚያ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ በአማራ ክልል ከመቶ 17 እጅ፣ በአዲስ አበባ ከመቶ 16 እጅ ነበሩ።

የአጠራር ነገርም ቀላል አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ሙስሊሞች ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል የሚል ነበር። በሰልፉም ክርስቲያኖች አብረው ወጥተዋል። በሁለቱ አጠራሮች መካከል ያለው ልዩነት በእንግዳና በባለ አገር መካከል ያለው ልዩነት ነው።

6. ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

ስለ ሃይማኖት ቁጥር ስንሰማ መጀመሪያ ልንጠይቅ የሚገባው «ማን ቆጠረው?» ብለን ነው። ሊባኖስ ሕዝቧን በሃይማኖት ለይታ በይፋ የቆጠረችው በ1932 ነው፤ ሥልጣን በሃይማኖት ስለሚከፋፈል ከዚያ በኋላ አልደፈረችም። በናይጄሪያ ከ1963 ወዲህ የተደረጉት የ1991ና የ2006 ቆጠራዎች ሃይማኖትን አልጠየቁም፤ ስለ ናይጄሪያ የምንሰማው ሁሉ ግምት ነው። የፈረንሳይና የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራዎችም ሃይማኖትን አይጠይቁም። ቻይና የምትቆጥረው በብሔረሰብ ነው፤ በ2020 ኡዊጉሮች 11.8 ሚሊዮን፣ ሁዪዎች 11.4 ሚሊዮን ነበሩ። እኛም ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አላደረግንም። እንግዲህ አንድ ሰው ተነሥቶ የዘንድሮን ቁጥር እስከ ነጥቡ ድረስ ቢነግረን ከየት እንዳገኘው መጠየቅ ይገባናል።

7. ለምን ይጨምራል?

ሙስሊሞች ከ2010 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት በ347 ሚሊዮን ጨምረዋል። የጭማሪው ዋና ምክንያት ሃይማኖት መለወጥ አይደለም፤ ዕድሜና ወሊድ ነው። በ2010 ከዓለም ሙስሊሞች እኩሌታዎቹ ከ23 ዓመት በታች ነበሩ፤ ለዓለም ሕዝብ ሁሉ ግን ይህ ልክ 28 ዓመት ነበር። ወጣት የበዛበት ሕዝብ ብዙ ይወልዳል።

ታዲያ ብዙ መውለድ የሃይማኖቱ ጠባይ ነውን? እንመልከት። በኢራን በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንዲት እናት በአማካይ ከ6 ልጆች በላይ ትወልድ ነበር፤ በ2000ዎቹ ግን ወደ 2 ወርዷል። በባንግላዴሽም በ1970ዎቹ መጀመሪያ 7 የሚጠጋው ዛሬ ከ2 ጥቂት ቢበልጥ ነው። ሕዝቧ ሙስሊም የሆነው ኒጀርና አብዛኛው ሕዝቧ ክርስቲያን የሆነው ዴሞክራሲያዊት ኮንጎ ግን ሁለቱም 6 አካባቢ ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው ጸሎት ቤቱ ሳይሆን የሴቶች ትምህርት፣ የሕፃናት ጤናና የኑሮ ደረጃ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው የዓለም ሙስሊሞች በብዛት የሚኖሩት ከዐረብ አገር ውጭ፣ በሩዝ እርሻና በወደብ ከተማ፣ በልዩ ልዩ ቋንቋና ባህል ውስጥ ነው። ሁሉን በአንድ ስም ጠርቶ አንድ ጠባይ መስጠት በ2 ቢሊዮን ሰው ላይ ያላዩትን መመስከር ይሆናል። ቁጥርም ለማወቅ እንጂ ለመፈራራት አልተሰጠም። በአንድ ጉድጓድ ውኃ የሚቀዳ፣ በአንድ እድር የሚቀባበር ጎረቤት ከሩቅ በመጣ ወሬ አይመዘንም። ስለ ሩቁ ስንናገር እውነቱን መርምረን፣ ስለ ቅርቡ ስንናገር ደግሞ ራሱን ጠይቀን እንናገር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ስፔንንና ኢንዶኔዥያን በማነጻጸር ስለ ሃይማኖት መስፋፋት ምን እንማራለን?
2. አንዳንድ መንግሥታት ሃይማኖትን በቆጠራ የማይጠይቁት ለምን ይመስላችኋል? ጥቅሙና ጉዳቱስ?
3. በሰፈራችሁ የሚኖሩ ሙስሊም ቤተሰቦች ከየት አካባቢ የመጡ ናቸው? በሚቀጥለው ሳምንት ራሳቸውን ጠይቃችሁ ኑ።