ከሱፋ ሰዎች የምንማረው፦ ጎዳና ላይ ላሉ የአእምሮ ሕሙማን የአቻ ድጋፍ

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም



በመዲና በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ሱፋ የሚባል ጥላ ያለው ስፍራ ነበር። ቤትም ሆነ የሚያስጠጋ ዘመድ የሌላቸው ሶሐቦች የሚያድሩት እዚያ ነው። ከእነርሱ አንዱ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ነበር። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ራሱ እንደተናገረው፣ ከረሃብ ብዛት ራሱን ስቶ በሚንበሩና በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ክፍል መካከል ይወድቅ ነበር። የሚያልፈው ሰው አብዷል ብሎ በመገመት እግሩን አንገቱ ላይ ያሳርፍበታል። እርሱ ግን አላበደም፤ የጣለው ረሃብ ነው።

በሌላ የቡኻሪ ዘገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአቡ ሁረይራን ረሃብ ገና ፊቱን አይተው አወቁ። ቤታቸው በስጦታ የመጣ አንድ ዕቃ ወተት ነበር። የሱፋ ሰዎችን እንዲጠራ አዘዙት፤ ሲመጡም እያዞረ እንዲያጠጣቸው ዕቃውን በእጁ ሰጡት። ለእኔ ምን ይተርፈኛል ብሎ ሰግቶ ነበር። በአላህ በረካ ሁሉም ጠጥተው ጠገቡ፤ ቀጥሎ እርሱ እስኪበቃው ጠጣ፤ በመጨረሻ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጠጡ።

ለዛሬው ትምህርታችን መነሻ የሚሆነን ይህ ነው፦ የተራበው ሰው ተቀባይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። እንደርሱ የተራቡትን ያጠጣው እርሱ ራሱ ነው።

የአቻ ድጋፍ ምን ማለት ነው?

የአቻ ድጋፍ ማለት በአእምሮ ሕመም ወይም በጎዳና ኑሮ ያለፈና አሁን የተሻለው ሰው፣ ዛሬ እዚያው ያለውን ሰው ሲደግፍ ነው። ሐኪም አይደለም፤ መድኃኒትም አያዝም። ሥራው ቀርቦ መተዋወቅ፣ ማዳመጥ፣ ወደ ሕክምና አብሮ መሄድ፣ ቀጠሮ ማስታወስ፣ ከቤተሰብ ጋር ማገናኘት ነው። ሐኪሙ ትድናለህ ቢለው ላያምን ይችላል። እዚያው በረንዳ ላይ ያደረ ሰው «እኔም እንደዚህ ነበርኩ» ሲለው ግን ተስፋውን በዓይኑ ያየዋል።

ሱረቱ-ድ-ዱሓም ይህን ቅደም ተከተል ታሳየናለች። አላህ (ሱ.ወ.) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) የቲም ሳሉ እንዳስጠጋቸው፣ ችግረኛ ሳሉ እንዳብቃቃቸው አስቀድሞ ያስታውሳቸዋል። የቲምን እንዳይጨቁኑና ለማኝን እንዳይገላምጡ የሚያዛቸው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ያለፈበት ችግር ለሌላው የሚያዝንበት ምክንያትና ኃላፊነት ይሆነዋል።

በአገራችን ያለው እውነታ

ፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቻቸው አዲስ አበባ ጎዳና ላይ በሚኖሩ 217 ሰዎች ላይ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ከተመረመሩት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የአእምሮ ሕመም ወይም ከአልኮል ጋር የተያያዘ ችግር ነበረባቸው። 41 በመቶው ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም ነበረባቸው፤ ከእነዚህም ሕክምና አግኝተው የሚያውቁት 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ከሁሉም 14.8 በመቶው ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረዋል።

ተስፋ የሚሰጥ ውጤትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ በ48 የገጠር ቀበሌዎች 166 የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማንን ያሳተፈ የአገራችን ጥናት ሁለት መንገዶችን አነጻጽሯል። አንደኛው በጤና ተቋም የሚሰጥ ሕክምና ብቻ ነው። ሁለተኛው በዚያ ላይ የጤና ባለሙያ ያልሆኑ፣ ግን የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ቤት ለቤት የሚሰጡትን ድጋፍ ይጨምራል። ከ12 ወር በኋላ ድጋፉ የተጨመረላቸው ሰዎች የዕለት ተዕለት ኑሯቸውን በመምራት ተሽለው ተገኙ። እነዚያ ደጋፊዎች የግድ በሕመሙ ያለፉ አልነበሩም። ጥናቱ የሚያሳየን መድኃኒት አስፈላጊ ቢሆንም አጠገቡ ሰው ሲኖር የበለጠ እንደሚጠቅም ነው። በሕመሙ ያለፉ ሰዎች የሚመሩት የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎች ማኅበርም በአገራችን አለ።

ዱርቤቴ ላይ ቢሆንስ?

ከመካከላችን ዱርቤቴ፣ መራዊ ወይም ዳንግላ ቤተሰብ ያለው አለ። ዱርቤቴ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የደቡብ አቸፈር ወረዳ ከተማ ናት። እንደዚህ ባለች የመንገድ ከተማ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው መናኸሪያ ዳር ሊቀር ይችላል። ለእረፍት ቤት የሄደ ተማሪ እንዲህ ያለ ሰው ቢያይ ምን ያድርግ?

1. ሰላም ይበለው፤ ስሙን ይጠይቀው፤ የራሱንም ይንገረው። ቁጭ ካለ አጠገቡ ዝቅ ይበል። ሁለት ሆኖ መሄድ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሆኖ መክበብ ግን ያስፈራል። ሴት ከሆነች እህቶች ይቅረቧት፤ ጎዳና ላይ ያለች ሴት ለጥቃት የተጋለጠች ናት።

2. ምርጫውን ለእርሱ ይተውለት። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ አእምሮዋ ላይ ችግር የነበረባት ሴት ጉዳይ አለኝ ብላ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣች። እርሳቸውም በልጇ ስም በአክብሮት ጠርተው፣ ከመንገዶቹ የፈለገችውን እንድትመርጥ ነገሯት፤ ጉዳይዋን እስክትጨርስም አብረዋት ቆሙ። ቦታውን የመረጠችው እርሷ ናት።

3. የሚችለውን ቃል ብቻ ይግባ። ሐሙስ እመጣለሁ ካለ ሐሙስ ይምጣ። ብዙ ጊዜ የተተወ ሰው አንድ የቀረ ቀጠሮ ሊያርቀው ይችላል።

4. ያገገመ ሰው ይፈልግ። የጤና ጣቢያው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ታክሞ የተሻለውንና ፈቃደኛ የሆነውን ሰው ጠይቆ ሊያገናኘን ይችላል። ስም ዝርዝር ግን አንጠይቅ፤ የሕሙማን ምሥጢር አማና ነው። ፈቃደኛው ሲገኝ ሥራውን እርሱ ይምራ፤ እኛ የትራንስፖርቱንና የድካሙን ዋጋ እንሸፍን። ታሪኩን መናገር ግዴታው አይደለም። ሲደክመው እንዲያርፍ፣ የራሱን ክትትልም እንዳያቋርጥ እናግዘው።

5. ራሱን ስለማጥፋት የሚያወራ፣ ለቀናት ያልበላ ወይም የቆሰለ ሰው ካለ ጊዜ ሳይሰጥ ከጤና ባለሙያ ጋር ይገናኝ። ከባሕር ዳር ሆስፒታሎች ፈለገ ሕይወት የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል።

ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

ፎቶና ቪዲዮ አናንሳ። የታመመ ሰው ፈቃዱን በሚገባ መስጠት በማይችልበት ሰዓት የተቀረጸ ምስል፣ ከዳነ በኋላ ሥራ ሲፈልግና ሲያገባ ይከተለዋል። ሰደቃችን ምስክር ካስፈለገው አላህ ይበቃል።

ምግብና ልብስ ስንሰጥ ሃይማኖቱን አንጠይቅ። ቤተሰቡ ጸበል ቢወስደው ወይም ሩቅያ ቢያስቀራለት ክርክር አንግጠም። ሩቅያና ዱዓ መድኃኒትን አይከለክሉም፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንድንታከም አዘዋል። በረመዷንም ሕመምተኛ ጾምን የሚያቆይበት ፍቃድ በሱረቱ-ል-በቀራ አለው። ስለዚህ ማንም ለጾም ብሎ መድኃኒቱን በራሱ አያቋርጥ፤ ሐኪሙንና ዓሊም ይጠይቅ።

ሰውን ማሰርና በግድ መጎተት የእኛ ሥራ አይደለም። «እብድ» የሚለውን ቃልም ከአፋችን እናውጣ፤ ስሙን እናውቀዋለንና።

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ኋላ ከሶሐቦች ሁሉ ብዙ ሐዲስ ያስተላለፈ ሰው ሆነ። በዑመር (ረ.ዐ.) ዘመንም የባሕረይን አስተዳዳሪ ሆኖ ነበር። አንገቱ ላይ እግሩን ያሳረፈው ሰው ማንን እየረገጠ እንደነበር አላወቀም። እኛም መናኸሪያ ዳር የተኛው ሰው ነገ ማን እንደሚሆን አናውቅም።

ለሐለቃ ውይይት

1. ጀመዓችን የሚሰጠው እርዳታ ተቀባዩን ወደ ሰጪነት የሚያሸጋግር ነው ወይስ ሁልጊዜ ተቀባይ የሚያደርግ?
2. ከመካከላችን በአእምሮ ሕመም ያለፈ ተማሪ ቢኖር ሳይፈራ የሚናገርበት ሁኔታ አለን?
3. በሚቀጥለው እረፍት በየከተማችን ከየትኛው ጤና ጣቢያ ጋር መነጋገር እንችላለን? ማንስ ይሄዳል?

አላህ ለታመሙት ሽፋእ፣ ለእኛም ኢኽላስ ይስጠን። አሚን።