ትንሿን ኮምፒውተር ሰርቨር ስለ ማድረግ

ሰርቨር ማለት ሌሎች ኮምፒውተሮች የሚጠይቁትን የሚያቀብል ኮምፒውተር ነው። ብዙዎቻችን ግን ስሙ ሲነሣ የሚታየን፥ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ፥ ተማሪ የማይደርስበት ትልቅ መሣሪያ ነው። ይህ አሳብ ሊታረም ይገባል። በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ተነድፋ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 ለገበያ የወጣችው ራስበሪ ፓይ፥ ስፋቷ ከባንክ ካርድ እምብዛም ባይበልጥም ለዚህ ሥራ ትበቃለች። የምትሠራበትን ሊኑክስንም በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ፥ ያን ጊዜ እንደ እኛው ተማሪ ነበረ፤ ዕድሜውም 21 ዓመት፥ ትምህርት ቤቱም የሔልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ነበር።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ 16 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝ ማይክሮ ኤስዲ ካርድ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ፥ ራስበሪ ፓይ ኢሜጀር የተባለውን ፕሮግራም መክፈት ነው። ከዝርዝሩ «ላይት» የሚለውን እንምረጥ፤ ዴስክቶፕ ስለሌለው ሜሞሪ ይቆጥባል። በካርዱ ላይ የነበረው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድመን ወደ ሌላ ቦታ እንገልብጠው።

ሁለተኛ፤ ካርዱ ከመጻፉ በፊት የተጠቃሚ ስም፥ የይለፍ ቃልና የዋይፋይ ስም አስገብቶ ኤስኤስኤችን መፍቀድ ነው። በኤስኤስኤች አማካይነት ከራሳችን ላፕቶፕ ሆነን ስለምናዝዛት፥ ስክሪንና ኪቦርድ አያስፈልጓትም። ቀድሞ ለሁሉም አንድ ዓይነት ስምና የይለፍ ቃል ይሰጥ ነበር፤ በ2022 ግን ይህ ልማድ ቀረ። ሁሉ የሚያውቀው ቁልፍ ቤት አይጠብቅምና፥ የይለፍ ቃሉን ጠንካራ እናድርገው።

ሦስተኛ፤ ካርዱን ሰክቶ ኤሌክትሪክ መስጠት ነው። አራተኛው ሞዴል 5 ቮልትና 3 አምፔር ይፈልጋል። ደካማ የስልክ ቻርጀር ከሰጠናት ቮልቱ እየወረደ ያስቸግራታል።

አራተኛ፤ በኤስኤስኤች ገብቶ በኤፒቲ ፕሮግራሞቹን ማደስ ነው። ከዚያም ኪዊክስን ብንጭንባትና የዊኪፔዲያን ስብስብ ብናስቀምጥባት፥ ኢንተርኔት ቢቋረጥም የዶርም ጓደኞቻችን በዋይፋይ ያነባሉ፤ ትልልቁ ስብስብ ግን ሰፊ ካርድ ይሻል።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ የመዝጊያውን ትእዛዝ ሳልሰጥ ገመዱን በችኮላ ነቅዬ፥ ጓደኞቼ ያስቀመጡትን የሒሳብ ማስታወሻ በፈተና ሳምንት አጥፍቻለሁ። ካርዱ በሚጻፍበት ጊዜ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ፋይሉ ይበላሻል። መብራት ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ይጠፋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ቅጂ በሌላ ካርድ ይኑረን።

እንግዲህ መጫኑ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ የሰው አደራ መጠበቁ ግን የየዕለት ነው። ሰርቨር ያቆመ ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የጓደኞቹንም ድካም ተረክቧልና።