መኪና የሌለው ነጋዴ በዱባይ ማረፊያውን እንዴት ይመርጣል?

ለንግድ ጉዳይ ወደ ዱባይ የሚጓዝ ነጋዴ የአውሮፕላን ቲኬቱን ከቆረጠ በኋላ የሚያስበው ስለ መኝታ ኪራይ ነው። የሆቴሎችን ዋጋ አወዳድሮ ዝቅተኛውን ይይዛል። ዳሩ ግን መኪና ለሌለው እንግዳ የመኝታ ዋጋ ማለት ለክፍሉ የሚከፈለው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ከክፍሉ እስከ ገበያው ለመመላለስ የሚወጣው ገንዘብና የሚባክነው ሰዓት ጭምር ነው። የውጭ ምንዛሪን በብዙ ድካም ለሚያገኝ ነጋዴ ይህ ሒሳብ የሚናቅ አይደለም።

ለምሳሌ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ለአምስት ሌሊት ያርፋል ይባል። ሩቁ ሆቴል ከቅርቡ በየሌሊቱ 50 ድርሃም ቢቀንስለት 250 ድርሃም ያተርፋል። ነገር ግን ጧት ለመሄድ 40፣ ማታ ለመመለስ 40 ድርሃም ለታክሲ ቢከፍል፣ በአምስት ቀን የሚያወጣው 400 ድርሃም ነው። አተረፍሁ ያለው ሰው 150 ድርሃም ከሰረ ማለት ነው። በየቀኑ ሁለት ሰዓት በመንገድ ቢያልፍበት ደግሞ 10 ሰዓት፣ ይኸውም አንድ ሙሉ የገበያ ቀን ጠፋበት።

ስለዚህ ነጋዴው አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባው፣ የሚገዛውን ዕቃ ዘርዝሮ እያንዳንዱ በየትኛው ሠፈር እንደሚሸጥ መጻፍ ነው። ክሪክ የተባለው የባሕር ወሽመጥ አሮጌውን ከተማ ለሁለት ይከፍለዋል። በአንደኛው ዳር ባለው በዴይራ የወርቅ፣ የቅመማ ቅመምና የሽቶ ገበያዎች ይገኛሉ፤ በማዶው በቡር ዱባይ የጨርቃ ጨርቅ ገበያ አለ። ከዳር ወደ ዳር በጀልባ ለመሻገር የሚከፈለው 1 ድርሃም ብቻ ስለሆነ፣ ከሁለቱ ባንዱ ያረፈ ሰው ሌላውንም በቀላሉ ያገኘዋል።

ሁለተኛው የባቡሩ ነገር ነው። የዱባይ ሜትሮ ቀይ መስመር እ.ኤ.አ. በ2009፣ አረንጓዴው መስመር በ2011 ሥራ ጀመሩ። ቀዩ መስመር ከአውሮፕላን ጣቢያው አንደኛና ሦስተኛ ተርሚናሎች ተነሥቶ የመጣውን መንገደኛ በዴይራ ወዳለው ዩኒየን ጣቢያ ያደርሰዋል፤ በዚያ ወደ አረንጓዴው መስመር መለወጥ ይቻላል። አረንጓዴው መስመር በባኒያስ አደባባይና በአል ራስ በኩል አልፎ ወደ ቡር ዱባይ ይሻገራል። ነገር ግን ባቡሩ ለአንድ መንገደኛ የሚፈቅደው አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ሻንጣ ነውና፣ የገዙትን ካርቶን ሁሉ በእርሱ አመላልሳለሁ ማለት አይገባም።

ሦስተኛው የገበያው ሰዓት ነው። በአሮጌው ገበያ ብዙዎቹ ሱቆች እኩለ ቀን ላይ ተዘግተው ከቀትር በኋላ እንደገና ይከፈታሉ፤ እስከ ምሽትም ይሠራሉ። ዓርብ ጧት ከስግደት በፊት የሚገኘው ሥራ ጥቂት ነው። ቅርብ ያረፈ ነጋዴ በቀትር ወደ ክፍሉ ተመልሶ ሒሳቡን አስተካክሎና ዐርፎ ለምሽቱ ገበያ ይወጣል፤ ሩቅ ያረፈው ግን በየበረንዳው ሲንከራተት ይውላል። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን፣ ለመራመድ ቀላል የሚመስለው መንገድ እጅግ ያደክማል።

ይሁን እንጂ ዴይራ ለሁሉም ይስማማል ማለት አይደለም። በድራጎን ማርት የቻይና ዕቃ በብዛት ለሚገዛ ሰው፣ ቦታው ከአሮጌው ገበያ የራቀና ሜትሮ ገና ያልደረሰበት ስለሆነ፣ እዚያው አጠገብ ማደር ይሻለዋል። የመኝታ ርካሽነት ስቦት በሻርጃ የሚያርፍ ደግሞ፣ ሜትሮ ወደዚያ አለመድረሱንና በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት መንገዱ በመኪና የሚጨናነቅ መሆኑን ይወቅ።

ነጋዴው ክፍሉን ከመያዙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የሜትሮው ጣቢያ በእግር ስንት ደቂቃ ያስኬዳል? የተገዛ ዕቃ ለጊዜው የሚቀመጥበት ቦታ አለ? የተነገረው ዋጋ ግብርንና ለእያንዳንዱ ክፍል በየሌሊቱ ከ7 እስከ 20 ድርሃም የሚከፈለውን የቱሪዝም ክፍያ ይጨምራል?

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ አውሮፕላን ጣቢያ ደርሶ በችኮላ የተያዘ ማረፊያ የጉዞውን ትርፍ ይበላል። አስቀድሞ በወረቀት ላይ የተሠራ ሒሳብ ግን ገንዘብንም ጊዜንም ያድናል።